ፐርማካልቸርን ውጭ አገር መማር፦ ከባያን የሚነሣ ሰው ምን ሊያውቅ ይገባዋል?

በበጋው አጋማሽ እኩለ ቀን ላይ ከባያን ቤቶች አንዱ ግቢ ብቅ ያለ ሰው የሙቀቱን ነገር ለማወቅ መለኪያ አያስፈልገውም። በኩዌት በረሃ በሚገኘው የሚትሪባህ ጣቢያ እ.ኤ.አ. ጁላይ 21 ቀን 2016 የተመዘገበው 53.9 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የዓለም ሜትዎሮሎጂ ድርጅት መርምሮ ካጸደቃቸው ከፍተኛ ሙቀቶች አንዱ ነው። በአገሪቱ በዓመት የሚዘንበው ዝናብ 120 ሚሊ ሜትር አካባቢ ሲሆን፣ ይህም አዲስ አበባ ከምታገኘው አንድ አሥረኛ ያህል ብቻ ነው። የነዳጁ ዘመን ሳይጠና ኩዌታውያን የመጠጥ ውሃቸውን ከሻጥ አል-ዐረብ ወንዝ በጀልባ ያስመጡ ነበር፤ ዛሬ ደግሞ ከቧንቧ የሚወርደው አብዛኛው ውሃ ጨዉ የተለየለት የባሕር ውሃ ነው።

እንዲህ ባለ አገር የሰውን ግቢ አትክልት እያጠጡ፣ የራስን መሬት የሚያልሙ ኢትዮጵያውያን ጥቂት አይደሉም። የቆጠቡትን ይዘው ወደ አገር ሲመለሱ ምን እንደሚሠሩ ከሚያስቡት መካከል፣ ሥነ ምህዳርን ጠብቀው በሚኖሩ ማኅበረሰቦች ዘንድ ሄዶ «ፐርማካልቸር» የተባለውን ትምህርት መቅሰም የሚፈልጉ አሉ። ሐሳቡ መልካም ነው። ነገር ግን የዓመታት ቁጠባ የሚወጣበት ጉዳይ በመሆኑ፣ ትምህርቱ ምን እንደሆነና ምን እንዳልሆነ አስቀድሞ መለየት ያስፈልጋል።

ቃሉን እ.ኤ.አ. በ1978 በታተመ መጽሐፍ ለዓለም ያስተዋወቁት ቢል ሞሊሰን እና ዴቪድ ሆልምግረን የተባሉ ሁለት አውስትራሊያውያን ናቸው። በዐረብኛ ብዙውን ጊዜ «ዚራዓ ሙስተዳማ»፣ በአማርኛም «ዘላቂ ግብርና» እየተባለ ይተረጎማል። ሁለቱም ትርጉሞች ግማሹን ነገር ያስቀራሉ። ፐርማካልቸር የአዘራር ስልት ሳይሆን የአቀማመጥ ጥበብ ነው፤ ቤት፣ ጓሮ፣ ውሃ፣ ከብት፣ ዛፍና ሰው አንዱ የሌላውን ጉድለት እንዲሞላ የት የት መቀመጥ እንዳለባቸው ያጠናል። የዶሮው ኩስ ለጎመኑ፣ የጎመኑ ገለባ ለዶሮው፣ የእጥበት ውሃው ለሙዙ እንዲደርስ መንገዱን ማቃናት ነው። ገበሬ እናት ያሳደገችው አንባቢ «ይህማ የእኛው ጓሮ ነው» ቢል አልተሳሳተም።

መሠረታዊው ኮርስ በዓለም ዙሪያ 72 ሰዓት የሚፈጅ ሲሆን፣ ብዙውን ጊዜ በሁለት ሳምንት ይጠናቀቃል። ተማሪው በመጨረሻ ለአንድ እውነተኛ ቦታ ንድፍ ሠርቶ ያቀርብና የምስክር ወረቀት ይቀበላል። ይህ ወረቀት ዲግሪ አይደለም፤ ከዩኒቨርሲቲ ዲፕሎማ ጋርም አይተካከልም። በሥራ ቅጥር በኩል ትልቅ በር ይከፍታል ብሎ የሚያስተዋውቅ ካለ መጠንቀቅ ይገባል። ዋጋው ያለው ተማሪው ከዚያ በኋላ በገዛ እጁ በሚሠራው ላይ ነው።

ኮርሱ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው በኢኮ መንደሮች ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1962 በስኮትላንድ የተጀመረው ፊንድሆርን እና በ1968 በደቡብ ሕንድ የተመሠረተው ኦሮቪል ከታወቁት ይገኙበታል። ኦሮቪል ሲመሠረት ቦታው ዝናብ የሸረሸረው ቀይ ምድረ በዳ ነበር፤ ዛሬ በነዋሪዎቹ እጅ የተተከለ ደን ለብሷል። በእንዲህ ያሉ መንደሮች ተማሪው ከትምህርቱ ጎን ለጎን ያበስላል፣ ዕቃ ያጥባል፣ ብስባሽ ያገላብጣል፣ ስብሰባ ላይ ይቀመጣል። የቤት ውስጥ ሥራን እንደ መተዳደሪያ ለያዘ ሰው ይህ ክፍል አዲስ አይሆንም፤ አዲስ የሚሆነው ሳህኑን የመንደሩ መሥራችም በተራው ማጠቡ ነው። በአማራ ክልል ፎገራ ወረዳ የሚገኘው የአውራምባ ማኅበረሰብም የወንድና የሴት የሚል የሥራ ክፍፍልን በማስቀረት ይታወቃል።

ለባሕረ ሰላጤው ነዋሪ ይበልጥ የሚቀርበው ግን የዮርዳኖሱ ምሳሌ ነው። አውስትራሊያዊው መምህር ጄፍ ሎውተን ከሙት ባሕር አቅራቢያ፣ ከባሕር ወለል በታች 400 ሜትር ገደማ በሆነና ጨው በበዛበት አራት ሄክታር መሬት ላይ ሥራ የጀመረው በ2000ዎቹ መባቻ ነበር። በቁልቁለቱ ላይ ከፍታቸው እኩል የሆኑ ነጥቦችን ተከትለው በጠቅላላው አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል የሚረዝሙ ቦዮች ተቆፈሩ። ቦዮቹ ውሃ ለመውሰድ ሳይሆን ለማቆም የተሠሩ ናቸው፤ በክረምት የሚወርደው ጥቂት ዝናብ እዚያው ቆሞ ወደ አፈሩ ይሰርጋል። ከጎረቤት እርሻዎች የተጣለ ተረፈ ምርት እንደ ጉዝጓዝ ለበሰባቸው። በመጀመሪያ ጠንካራና ናይትሮጅን ከአየር የሚይዙ ዛፎች፣ በእነርሱ ጥላ ደግሞ በለስ፣ ሮማንና ተምር ተተከሉ፤ በለሱም በወራት ውስጥ ፍሬ ያዘ። በዚያው አካባቢ በኋላ በተቋቋመው ሁለተኛ ቦታ ኮርሶች ተሰጥተዋል፤ ዓለም አቀፉ የፐርማካልቸር ጉባኤም እ.ኤ.አ. በ2011 በዮርዳኖስ ተካሂዷል። ዐረብኛን በሥራ ለለመደ ኢትዮጵያዊ እንዲህ ያለ አካባቢ ከአውሮፓ ይልቅ ይቀልለዋል።

የበረሃውን ትምህርት ይዞ ወደ ኢትዮጵያ የሚመለስ ሰው ግን አንድ ነገር ማስተዋል አለበት። ውሃን የሚያቆመው ቦይ በደረቅ አሸዋማ መሬት በረከት ሲሆን፣ በደጋው መረሬ አፈር ላይ ግን ጉዳት ነው። በጎጃምና በሸዋ ጥቁር አፈር የገበሬው ችግር የክረምቱ ውሃ አልወርድ ብሎ ሰብሉን ማበስበሱ ስለሆነ፣ እዚያ የሚያስፈልገው ማጠንፈፊያ ነው። ጥሩ መምህር ይህን በመጀመሪያው ቀን ይናገራል፤ የማይናገር ከሆነ ገንዘቡን ማስመለስ ነው!

ትምህርቱን ፍለጋ ድንበር መሻገር ግዴታ አለመሆኑንም ማወቅ ይጠቅማል። በደቡብ ኢትዮጵያ የኮንሶ ሕዝብ ከ400 ዓመታት በላይ፣ ለ21 ትውልድ፣ ድንጋይን ያለ ጭቃ እየደረደረ እርከን ሲሠራ ኖሯል። አንዳንዱ የእርከን ግንብ እስከ አምስት ሜትር ይደርሳል። «ሃርዳ» የሚባሉት ኩሬዎች የዝናቡን ውሃ ያጠራቅማሉ፤ በእርከኖቹ ላይ ማሽላና ሽፈራው ጎን ለጎን ይበቅላሉ። ዩኔስኮ ይህን መልክዓ ምድር በ2011፣ በእንሰት፣ በቡናና በትላልቅ ዛፎች የተደራረበውን የጌዴኦን ደግሞ በ2023 በዓለም ቅርስነት መዝግቧል። በኮንሶ ስትሮቤሪ ፊልድስ የተባለ ኢኮ ሎጅም የፐርማካልቸር ኮርስ ሲሰጥበት የቆየ ቦታ ነው።

መውጣትን የመረጠ ሰው አስቀድሞ ወረቀቱን ያስተካክል። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው የኩዌት የቤት ሠራተኞች ሕግ ቁጥር 68 በዓመት የ30 ቀን ደመወዝ የሚከፈልበት ዕረፍት፣ እንዲሁም ውሉ ሲያበቃ ለእያንዳንዱ የአገልግሎት ዓመት የአንድ ወር ደመወዝ ይደነግጋል። የሁለት ሳምንቱ ኮርስ ከዚህ ዕረፍት ውስጥ ሊገባ ይችላል። ለወራት በመንደር ለመቆየት የሚያስብ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ከአገር ለረጅም ጊዜ የወጣ ሰው ኢቃማው ሊሰረዝ ስለሚችል ቀኑን ከአሠሪው ጋር ተነጋግሮ፣ የመመለሻ ስምምነቱንም በጽሑፍ ይዞ መሄድ አለበት። «ሥራህን ስጠን፣ እኛ እናበላሃለን» የሚለው የበጎ ፈቃድ ግብዣም በብዙ አገሮች በቱሪስት ቪዛ አይፈቀድም።

እስከዚያው ባያን ውስጥም የሚጀመር ነገር አለ። ኮርሱ ከሚያስተምራቸው መሣሪያዎች የመጀመሪያው ሦስት እንጨት ብቻ ይፈልጋል። ሁለቱ ረጃጅም እንጨቶች ከላይ ይታሰራሉ፤ እግሮቻቸው ይከፈቱና ሦስተኛው መካከላቸው ላይ በአግድም ይታሰራል። ከአናቱ ድንጋይ የተንጠለጠለበት ገመድ ይወርዳል። ሁለቱን እግሮች መሬት ላይ አቁሞ ገመዱ አግዳሚውን የነካበትን ቦታ ምልክት ማድረግ፣ ከዚያ እግሮቹን በዚያው ቦታ አለዋውጦ ሌላ ምልክት ማድረግ ነው። ከዚያ ወዲያ ገመዱ በሁለቱ ምልክቶች ልክ እኩሌታ ላይ ባረፈ ቁጥር ሁለቱ እግሮች በእኩል ከፍታ ላይ ቆመዋል ማለት ነው። አንዱን እግር ተክሎ ሌላውን እያዞሩ ሲሄዱ ቦዩ ወይም እርከኑ የሚያልፍበት መስመር ይገኛል። ክረምት ላይ ዝናብ በዘነበ ማግሥት ግቢው ውስጥ ውሃ የተኛበትን ቦታ በዚሁ መፈተን ይቻላል።