የማርሚታና የካርቡራተር ለውጥ በአነስተኛ ሞተር ሳይክል ላይ፦ ምን ይጠቅማል? ምን ይጎዳል?



ከመጠለያ ጣቢያ እስከ ዶካ ገበያ፣ ከዚያም አልፎ እስከ ገዳሪፍ ባለው መንገድ ሞተር ሳይክል ለብዙ ቤተሰብ የእንጀራ ምንጭ ነው። ዱቄትና ከሰል ይጫንበታል፤ ለሰሊጥ አጨዳ የሚሄድ የቀን ሠራተኛ ይሳፈርበታል፤ ሰው በሌሊት ሲታመም ወደ ሐኪም ይወሰድበታል። ስለዚህ ወጣቶቻችን ከክፍል ውጭ ደጋግመው ከሚያቀርቡልን ጥያቄዎች አንዱ የሚከተለው መሆኑ አያስገርምም። «የሞተሬን ጉልበት ለመጨመር ማርሚታውን በክፍት ማርሚታ፣ ካርቡራተሩንም በትልቅ ልቀይር ወይ?» የሚል ነው።

እኛ መምህራን ነን። ጥያቄው ግን ግማሹ የፊዚክስ ጥያቄ ስለሆነ፣ ቀሪውን ከመካኒኮች ጋር ተመካክረን መልሱን ከዚህ በታች አቅርበናል። ባጭሩ ለመናገር፣ በእኛ መንገድና በእኛ አቅም የጠፋውን የሞተር ጉልበት ማስመለስ የሚቻለው በአብዛኛው በማጽዳትና በትክክል በማስተካከል ነው። መለወጥ የፈለገ ሰው ቢኖርም ማርሚታውንና ካርቡራተሩን ለየብቻ ሳይሆን አብሮ ማሰብ አለበት። ምክንያቱን በቅደም ተከተል እንመልከት።

1ኛ. ሞተር እንዴት ይተነፍሳል?

ሞተር እንደ ሰው ይተነፍሳል። በካርቡራተር በኩል አየርና ቤንዚን ያስገባል፤ ካንዴላው ያቀጣጥለዋል፤ የተቃጠለው ጭስ በማርሚታ ይወጣል። ቤንዚን በደንብ እንዲቃጠል ለ1 ኪሎ ቤንዚን ወደ 15 ኪሎ የሚጠጋ አየር ያስፈልገዋል። ይህን በሊትር ብናስበው፣ 1 ሊትር ቤንዚን ለማቃጠል ሞተሩ በዶካ አየር ወደ 10 ሺህ ሊትር የሚጠጋ አየር ይስባል ማለት ነው። በመንገዳችን ላይ ያለውን አቧራ ለሚያውቅ ሰው፣ ይህ ቁጥር ስለ አየር ማጣሪያው (ፊልትሮ) ብዙ ይነግረዋል።

የካርቡራተር ሥራ ይህን ሚዛን መጠበቅ ነው። በውስጡ ቀዳዳ ያላቸው ትናንሽ የናስ ብሎኖች አሉ። ትንሿ ሞተሩ ቆሞ ሲሠራና ቀስ ብሎ ሲነሳ ቤንዚን ትሰጣለች። መካከለኛውን ፍጥነት የምትቆጣጠረው ወደ ላይና ወደ ታች የምትንቀሳቀሰው መርፌ ናት። ትልቋ ብሎን ደግሞ ጋዙ እስከ መጨረሻው ሲጠመዘዝ ትሠራለች። በብሎኖቹ ላይ ቁጥር ተጽፏል፤ ቁጥሩ ሲጨምር ቀዳዳው ይሰፋል፤ ቤንዚኑም ይበዛል።

2ኛ. ማርሚታ ሲከፈት ምን ይሆናል?

ብዙ ሰው ማርሚታ ድምፅ ለመቀነስ ብቻ የተሠራ ይመስለዋል። እንዲያ አይደለም። የቧንቧው ርዝመትና ስፋት ጭሱ ከሞተሩ በሚወጣበት ጊዜ አዲሱን አየር ስቦ እንዲያስገባ ሆኖ ተለክቷል። በተለይም እንደ ያማሃ ኤጂ 100 እና ያማሃ ዲቲ 125 ባሉ ሁለት ምት ሞተሮች ላይ ማርሚታው የሞተሩ አካል ነው ማለት ይቻላል። በመሐል ሰፍቶ በኋላ የሚጠበው ቅርጹ፣ ሳይቃጠል ሊያመልጥ የነበረውን ቤንዚን በግፊት ወደ ሲሊንደሩ ይመልሰዋል። ይህን ማርሚታ ቆርጦ በቀጥታ ቧንቧ የሚተካ ሰው ጉልበት ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም።

በአራት ምት ሞተሮች፣ ለምሳሌ በሆንዳ ኤክስኤል 125 ወይም በ1976 እ.ኤ.አ. የወጣውን ሆንዳ ሲጂ 125 አብነት አድርገው በቻይና በሚሠሩት ብዙ ሞተሮች ላይ፣ ክፍት ማርሚታ ጥቂት ጉልበት ሊጨምር ይችላል። ይህም የሚገኘው ሞተሩ በከፍተኛ ፍጥነት ሲዞር ነው። በክረምት ጭቃ ውስጥ ሁለት ኩንታል ጭኖ ለሚወጣ ሰው የሚያስፈልገው ግን ሞተሩ ቀስ ብሎ ሲዞር ያለው ጉልበት ነው። ያ ደግሞ በክፍት ማርሚታ ብዙ ጊዜ ይቀንሳል። ጩኸትና ጉልበት አንድ አይደሉም።

ከዚህም ሌላ፣ ማርሚታ ሲከፈት ሞተሩ ብዙ አየር ይስባል፤ ካርቡራተሩ ግን የሚሰጠው ቤንዚን ያው ነው። ቤንዚን ያነሰው ሞተር ከመጠን በላይ ይሞቃል። በዶካ የበጋ ሙቀት ይህ ከቀጠለ የጭስ ማውጫ ቫልቮላ ይቃጠላል፤ ፒስቶኑም ሊነክስ ይችላል። የፒስቶንና የሲሊንደር ዋጋ በገዳሪፍ ገበያ ስንት እንደሆነ የጠየቀ ሰው ጉዳቱን ያውቀዋል።

3ኛ. ትልቅ ካርቡራተር ለምን አይረዳም?

የጓንግን ወንዝ ያየ ሰው ነገሩ በቀላሉ ይገባዋል። ወንዙ በጠባብ ቦታ ሲያልፍ ይሮጣል፤ በሰፊ ሜዳ ላይ ሲደርስ ይረጋል። አየርም እንዲሁ ነው። ካርቡራተር ቤንዚኑን ከታች ስቦ የሚያወጣው አየሩ በጠባቡ አንገት ሲሮጥ በሚፈጠረው የመሳብ ኃይል ነው። ለ200 ሲሲ ሞተር የተሠራ ባለ 30 ሚሊሜትር ካርቡራተር በ125 ሲሲ ሞተር ላይ ቢገጠም፣ አየሩ በሰፊው አንገት ቀስ ብሎ ያልፋል፤ ቤንዚኑም በደንብ አይወጣም። ሞተሩ ሲነሳ ያንቃል፤ በዝግታ ሲሄድ ይቋረጣል፤ ቤንዚንም ያባክናል። ስለዚህ ካርቡራተሩ አርጅቶ መለወጥ ካለበት፣ የአንገቱን ስፋት ለክቶ ተመሳሳዩን መግዛት ይበልጣል።

4ኛ. ከጎንደር የወረደ ሞተር በዶካ

ይህ ነጥብ ከመተማ በኩል ተሻግሮ የመጣ ሞተር ለያዘ ሁሉ ያስፈልጋል። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። ገዳሪፍ ግን 600 ሜትር ገደማ ነው፤ የዶካ አካባቢም ከዚያ ብዙ አይለይም። የጎንደር አየር ከዚህኛው አየር በስድስት እጅ አንዱን ያህል የሳሳ ነው። የዶካ ሙቀት የእኛንም አየር ስለሚያሳሳው ልዩነቱን በመጠኑ ያጠበዋል እንጂ አያጠፋውም።

በደጋ ያለ መካኒክ ለሳሳው አየር ብሎ በቁጥር ያነሰች ብሎን አስገብቶ ወይም መርፌዋን ዝቅ አድርጎ ከሆነ፣ ያ ሞተር ወደ ቆላ ሲወርድ ቤንዚን ያንሰዋል። ባለቤቱ «ሞተሬ ደከመ፣ ይሞቃል» ብሎ ማርሚታ ሊገዛ ይነሳል። የሚያስፈልገው ግን የፋብሪካውን ቁጥር ብሎን መመለስ ብቻ ሊሆን ይችላል። ፋብሪካዎች ብሎኖቹን የሚለኩት በአብዛኛው ለዝቅተኛ ቦታ ስለሆነ፣ በዶካ ከፍታ የፋብሪካው ልክ ለትክክለኛው የቀረበ ነው።

5ኛ. ገንዘብ ከማውጣት በፊት የሚሠሩ ሥራዎች

ሀ) የአየር ማጣሪያውን ማጽዳት። ከስፖንጅ የተሠራ ከሆነ በሳሙና ውሃ ታጥቦ፣ በጥላ ደርቆ፣ ጥቂት የሞተር ዘይት ተቀብቶ ተጨምቆ ይመለሳል። የወረቀት ከሆነ አይታጠብም፤ መታ መታ ተደርጎ አቧራው ይራገፋል፤ ካረጀ ይቀየራል። ማጣሪያውን አውልቆ መንዳት አቧራውን በቀጥታ ወደ ፒስቶኑ ማስገባት ነው።

ለ) ቤንዚኑን ማጣራት። በሱዳን ጦርነቱ በሚያዝያ ወር 2015 ዓ.ም. ከተነሳ ወዲህ ቤንዚን ብዙ ጊዜ በጀሪካንና በጠርሙስ እየተገዛ ነው። በሚታይ ጠርሙስ ቀድቶ ጥቂት ማቆየት ይረዳል፤ ውሃ ካለበት ወደ ታች ይዘቅጣል። ከዚያ ከላይ ያለውን በጥቅጥቅ ጨርቅ አጥልሎ መሙላት ነው። ይህ ሥራ ከምድጃና ከሲጋራ ርቆ ይሠራ።

ሐ) ካርቡራተሩን ማጽዳት። የቤንዚኑ መዝጊያ ተዘግቶ፣ ከታች ያለው ጎድጓዳ ዕቃ ተፈትቶ፣ የናስ ብሎኖቹ ወጥተው በአየር ይነፋሉ። ቀዳዳዎቹን በሽቦ ወይም በመርፌ መጎርጎር ክልክል ነው፤ ናስ ለስላሳ ስለሆነ ቀዳዳው ይሰፋና ቁጥሩ ውሸት ይሆናል። ከመጥረጊያ የተነቀለች የሣር ጭራ ትበቃለች።

መ) የማርሚታውን መጋጠሚያ ማየት። ቧንቧው ከሞተሩ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ያለው ጓርኒሲዮን ከተበላ አየር ይገባና ማርሚታው ይተኩሳል። ጋዝ ሲለቀቅ የሚሰማው ተኩስ ብዙ ጊዜ ከዚህ ይመጣል።

ሠ) ለጭነት የሚሠራ ሞተር ከሆነ፣ ካቴናው የሚዞርበትን የፊት ጥርስ መለወጥ። ከ15 ጥርስ ወደ 14 ጥርስ ቢወርድ የመጎተት ኃይሉ ወደ 7 ከመቶ ይጨምራል፤ የመጨረሻ ፍጥነቱ ግን በዚያው መጠን ይቀንሳል። ከማርሚታ ይልቅ ይህ ርካሽና እርግጠኛ ነው።

6ኛ. መለወጥ ግድ ከሆነ

አሮጌው ማርሚታ ዝጎ የተበሳበት ሰው መለወጡ አይቀርም። በዚህ ጊዜ የሚከተሉትን እንመክራለን።

የቧንቧው ስፋት ከቀድሞው ጋር እኩል ይሁን። በውስጡ የእሳት ፍንጣሪ የሚይዝ የሽቦ ወንፊት ያለው ይመረጥ። አሮጌው ማርሚታ አይጣል፤ አዲሱ ካልተስማማ ይመለሳልና። አዲሱ ከቀድሞው ይበልጥ ክፍት ከሆነ፣ ትልቋን የናስ ብሎን በአንድ ደረጃ ከፍ ባለ ቁጥር መተካት ያስፈልጋል። በመካከለኛ ፍጥነት የሚቋረጥ ከሆነም የመርፌዋን መያዣ ቀለበት በአንድ መስመር ዝቅ ማድረግ ይበቃል፤ መርፌዋ ከፍ ትልና ቤንዚኑ ይጨምራል። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይለወጥ፤ የተለወጠውም በደብተር ይጻፍ። ሁለት ነገር በአንድ ቀን የለወጠ ሰው የትኛው እንደረዳው የትኛው እንደጎዳው አያውቅም።

ውጤቱን የሚናገረው ካንዴላው ነው። ከሰፈር ውጭ በቀጥታ መንገድ ላይ ጋዙ በደንብ ተሰጥቶ ከተነዳ በኋላ፣ ፍሪሲዮን ተይዞ ሞተሩ በቁልፍ ይጥፋ። ሲበርድ ካንዴላው ይፈታ። ነጭ ከሆነ ቤንዚን አንሶታል፤ በዚያ ሁኔታ መንዳት አደገኛ ነው። ጥቀርሻ የመሰለ ጥቁር ከሆነ ቤንዚን በዝቶበታል። መቅላት እንደጀመረ ቡና ከሆነ ግን ልኩ ተገኝቷል።

7ኛ. ስለ እሳትና ስለ ድምፅ ማሳሰቢያ

እስካሁን የተናገርነው ስለ ገንዘብና ስለ ሞተር ነው። የሚከተለው ግን የጎረቤትም ጉዳይ ነው።

ቤቶቻችን በአብዛኛው ከሣርና ከእንጨት የተሠሩ ናቸው። ከኅዳር ጀምሮ በዙሪያችን ያለው የማሽላ አገዳና ሣር ደርቆ እንደ ክብሪት ይሆናል። በማርሚታ ውስጥ የሚጠራቀመው ጥቀርሻ አልፎ አልፎ እየጋለ ተቆርሶ ይወጣል፤ ወንፊቱ ከሌለ የሚያስቀረው የለም። በአሜሪካ አገር በመንግሥት ደን ውስጥ የሚነዳ ሞተር ሳይክል ይህ የፍንጣሪ ወንፊት እንዲኖረው በደንብ ተደንግጓል። ምክንያቱም አንድ ፍንጣሪ ምን እንደሚያደርግ ስለታወቀ ነው። በሣር ጎጆዎች መካከል ለምንኖር ለእኛ ጥንቃቄው ከዚያ ቢበልጥ እንጂ አያንስም። ስለዚህ ወንፊቱን አውልቆ መጣል ተገቢ አይደለም። በየጊዜው ወጥቶ፣ ጥቀርሻው ተራግፎ መመለስ አለበት። የጋለ ሞተርም በሣር ላይ ወይም በጎጆ ግድግዳ አጠገብ አይቁም።

ከዚህ ጋር መከላከያ የሌለው ቧንቧ የሕፃናትን እግር ያቃጥላል። ሞተርን በቤት ውስጥ አስነስቶ ማሞቅም ሽታ የሌለው መርዘኛ ጋዝ ስለሚሞላ ሰው ይገድላል።

ስለ ድምፅ ደግሞ ይህን እንጨምር። በመካከላችን ከተኩስ ሸሽተው የመጡ ብዙ ናቸው። በሌሊት የሚተኩስ ማርሚታ ሲያልፍ ሕፃን ደንግጦ ይነቃል፤ አዛውንት ለመሸሽ ይነሳሉ። በክፍል ውስጥ ስናስተምርም አንድ እንዲህ ያለ ሞተር ሲያልፍ የተማሪዎቹ ዓይን ወደ በሩ ይዞራል፤ ትምህርቱን መልሶ ለመያዝም ጊዜ ይወስዳል። ለባለቤቱ ጥቂት ደቂቃ ደስታ የሆነው ለሌላው ያለፈውን መከራ ማስታወሻ ነው።

ስለዚህ ወጣቶቻችን፣ በመጀመሪያ ማጣሪያውን እጠቡ፣ ካርቡራተሩን አጽዱ፣ ጓርኒሲዮኑን እዩ፣ ካንዴላውን አንብቡ። ከዚህ በኋላም ሞተሩ ካልተሻለ ልምድ ካለው መካኒክ ጋር ተማከሩ። አባቶቻችን «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ያሉት ለዚህም ይሠራል። ማርሚታ ከመግዛት በፊት ሞተሩ ምን እንደጎደለው ማወቅ ይቅደም።