ኢሲጂ፦ የልብን ኤሌክትሪክ የሚጽፈው ማሽን

ደረቱን ይዞ ድንገተኛ ክፍል የገባ ሰው ገና ካርዱ ሳይሞላ ሸሚዝህን አውልቅ ይባላል። ስድስት ገመድ ደረቱ ላይ፣ አራት ደግሞ እጅና እግሩ ላይ ይያያዛል። መመሪያው ታማሚው በደረሰ በ10 ደቂቃ ውስጥ ኢሲጂ ተነስቶ በሐኪም መነበብ አለበት ስለሚል ነው ጥድፊያው። ገመዱን አይተው ይነዝረኛል ብለው የሚሰጉ አሉ፤ ማሽኑ ግን ወደ ሰውነት የሚልከው ነገር የለም። የልብ ጡንቻ በተኮማተረ ቁጥር የሚመነጨውንና ቆዳ ላይ ሲደርስ አንድ ሚሊቮልት ገደማ የሚሆነውን ኤሌክትሪክ ለቅሞ በ12 አቅጣጫ ይጽፋል።

ዛሬ በአንድ እጅ የሚነሳው ይህ ዕቃ ሲወለድ 270 ኪሎ ገደማ ይመዝን ነበር። ኔዘርላንዳዊው ዊለም አይንትሆቨን ላይደን ከተማ ሲሠራው አምስት ሰው ያንቀሳቅሰው ነበር፤ ታማሚውም እጅና እግሩን ጨው ውኃ ውስጥ ነክሮ ይቀመጣል። ማሽኑን ወደ ሆስፒታል መውሰድ ስለማይታሰብ በ1905 እ.ኤ.አ. የሕሙማኑን የልብ ምት አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ በስልክ ሽቦ ወደ ቤተ ሙከራው አስመጣው። በ1924 ኖቤል ተሸለመ። ማሽኑ ለሚጽፋቸው ሞገዶች የሰጣቸው ስም፣ ፒ፣ ኪው፣ አር፣ ኤስ፣ ቲ፣ እስካሁን አልተቀየረም።

ድንገተኛ ክፍሉን የሚያጣድፈው ሃርት አታክ የሚመጣው ልብን ራሱን የሚመግበው የደም ሥር ሲደፈን ነው። በግድግዳው የተጠራቀመው ስብ ይሰነጠቃል፣ ደም እዚያው ይረጋል፣ ከዚያ ወዲያ ያለው ጡንቻ ኦክስጅን ያጣል። ሥሩ ሙሉ በሙሉ ሲዘጋ ብዙውን ጊዜ በኤስና በቲ መካከል ያለው መስመር ሽቅብ ይወጣል። ይህን ያየ ሐኪም የደም ምርመራ ውጤት አይጠብቅም፤ ሥሩ በቀጭን ቱቦና በፊኛ ወይም የረጋ ደም በሚያሟሟ መድኃኒት ቶሎ መከፈት አለበት።

ችግሩ፣ ወረቀቱ ደህና ቢመስልም ሃርት አታክ የለም ማለት አይደለም። ማሽኑ የሚያነበው ኤሌክትሪኩን እንጂ የደም ሥሩን አይደለም። ስለዚህ ኢሲጂው ይደገማል፤ ትሮፖኒን የሚባለው ፕሮቲንም በደም ውስጥ ይለካል። ትሮፖኒን ከተጎዳ የልብ ጡንቻ የሚወጣ ቢሆንም ከፍ እስኪል ሰዓታት ሊፈጅ ይችላልና አንድ ጊዜ ተለክቶ ብቻ አይታመንም።

ታማሚው የሚናገረው ከሁለቱም አያንስም። የልብ ሕመም በአብዛኛው እንደ መርፌ አይወጋም፤ ይጫናል፣ ያፍናል፣ ወደ ግራ ክንድ፣ ወደ መንጋጋ ወይም ወደ ጀርባ ይሄዳል፣ ቀዝቃዛ ላብ ያጠምቃል። በሴቶች፣ በአረጋውያንና በስኳር ሕሙማን ላይ ትንፋሽ ማጠርና ማቅለሽለሽ ብቻ ሆኖ ሊመጣም ይችላል። እኛ ቤት ደግሞ ከእንብርት በላይ ያመመ ሁሉ ጨጓራ ነው፤ ተልባ ይጠጣና ይተኛል። ጨጓራም፣ የጎድን አጥንትም፣ ሳንባም ደረትን ያሳምማሉ፤ መለየቱ ግን ለተልባ የሚተው አይደለም።

ሐኪም የዛሬውን መስመር ከቀድሞው ጋር ማስተያየት ይወዳል፤ አንዳንዱ ሰው ጤነኛ ሆኖም መስመሩ ለየት ያለ ነውና። የኢሲጂ ወረቀት ብዙውን ጊዜ በሙቀት የሚታተም ስለሆነ በጊዜ ብዛት ይደበዝዛል። ኢሲጂ ከተነሳችሁ ወረቀቱን በስልክ ፎቶ አንስታችሁ አስቀምጡት።