የአሮጌ ትራክተር ዋጋው የሚታወቀው በሰኔ ነው

አርሲና ባሌን ለመሰሉ የስንዴ አገሮች ትራክተር እንግዳ አይደለም። የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ በአጭር ስሙ ካዱ፣ እ.ኤ.አ. በ1967 አሰላን ማዕከሉ አድርጎ ከተቋቋመ በኋላ ባሉት ዓመታት የትራክተር እርሻ በአካባቢው በፍጥነት ተስፋፋ። በደርግ ዘመን ደግሞ የሶቪየት ኅብረት ሥሪት የሆኑት ቤላሩሶች በመንግሥት እርሻዎች ገቡ፤ ናዝሬት፣ በዛሬዋ አዳማ፣ ላይም መገጣጠሚያ ፋብሪካ ተከፈተላቸው። ዛሬ አዲስ ለመግዛት አቅም የሌለው ገበሬ፣ ወይም በሄክታር እያስከፈለ ለጎረቤቶቹ ሊያርስ ያሰበ ወጣት፣ ዓይኑን የሚጥለው ከእጅ ወደ እጅ በሚዞሩት አሮጌ ትራክተሮች ላይ ነው። ለደላላው የሚያቀርበው ጥያቄም የታወቀ ነው፦ ስንት ዓመቱ ነው? ስንት ሰዓት ሠርቷል? ሞተሩ ወርዷል ወይስ አልወረደም? ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው፤ ዋናውን ነገር ግን አይነኩም። አሮጌ ትራክተር ሁሉ ይሰበራል። ይታመናል ወይስ አይታመንም የሚለውን የሚወስነው፣ ከተሰበረ በኋላ በስንት ቀን ወደ ማሳው እንደሚመለስ ነው።

ምክንያቱ የሥራው ጠባይ ነው። መኪና ዓመቱን ሙሉ ይሠራል፤ ዛሬ ቢቆም ነገ ያካክሳል። ትራክተር ግን ገንዘቡን የሚያገኘው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ነው። ጥር ላይ የተሰበረ ትራክተር ባለቤቱን የሚያስከፍለው የጥገናውን ዋጋ ብቻ ነው። ሰኔ ላይ የተሰበረው ግን የጥገናውን ዋጋ፣ የቀሩትን የኪራይ ሄክታሮችና የደንበኞቹን እምነት ያስከፍላል፤ የዘር ጊዜው ካለፈም ምርቱን ይዞ ይሄዳል። ሁለት ትራክተሮችን እናስብ። አንዱ በወቅቱ ሦስት ጊዜ ይቆማል፤ መለዋወጫው ግን አሰላ ወይም አዳማ ስላለ በማግስቱ ይነሳል። ሌላው አንድ ጊዜ ብቻ ይቆማል፤ ዕቃው ከውጭ እስኪመጣ ግን ሦስት ሳምንት ይጠብቃል። በብልሽት ብዛት ከቆጠርን ሁለተኛው ይሻላል። በታረሰ መሬት ከቆጠርን ደግሞ የመጀመሪያው በብዙ ይበልጣል።

አንዳንድ አሮጌ ሞዴሎች እስከ ዛሬ የሚፈለጉትም በዚህ ምክንያት ነው። ማሴይ ፈርጉሰን 135 እ.ኤ.አ. በ1964 መጨረሻ ለገበያ ሲቀርብ ከታወቁት ሞተሮቹ አንዱ ባለ ሦስት ሲሊንደር የፐርኪንስ ናፍጣ ሞተር ነበር። ይህ ሞተር ኮምፒውተር የለውም፤ ናፍጣውን የሚረጨው በጥርስ የሚዞር ፖምፓ ነው፤ ሲበላሽም በዓይን የሚታይ፣ በቁልፍ የሚፈታ ነገር ነው። ከዚህ በላይ የሚያስፈልገን እውነት ግን ይኸው የሞተር ቤተሰብ በፓኪስታን ከተሠሩት ማሴይ ፈርጉሰን 240ዎች ጋር ረጅም ዘመን መቀጠሉ ነው። ስለዚህ ፒስተኑ፣ ፋሻውና ኩሽኔታው 135ቱ ይሠራበት ከነበረው የእንግሊዝ ፋብሪካ ጋር አብረው አልሞቱም። የቤላሩሱ ኤምቲዜድ 80ም እንዲሁ ነው፦ እ.ኤ.አ. ከ1974 ጀምሮ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ተመርቷል፤ የቅርብ ዘመዶቹም ሚንስክ ውስጥ መመረታቸውን ቀጥለዋል። በአንጻሩ በጥሩ ፋብሪካ የተሠራ፣ ግን በአገራችን ጥቂት ብቻ የገባ ትራክተር፣ ወጣት ቢሆንም ያለ ዘመድ የቀረ ነው። የአዲስ አበባውን የመለዋወጫ ገበያ፣ ሶማሌ ተራን፣ ከዳር እስከ ዳር ዞረው አንድ የፍሪሲዮን ሸራ ካላገኙለት ብረቱ ጠንካራ መሆኑ አይረዳዎትም።

ጉዳዩ የድሃ አገር ብቻ አይደለም። በአሜሪካ የዛሬ አርባ ዓመት ገደማ የተሠሩ ጆን ዲር ትራክተሮች በጨረታ በውድ ዋጋ ሲሸጡ ታይተዋል። ከምክንያቶቹ አንዱ አዳዲሶቹ የሚጠገኑት በወኪሉ ሶፍትዌር መሆኑ ነው፤ ገበሬው ብልሽቱን ቢያውቀውም ሁልጊዜ ራሱ መፍታት አይችልም። የጥገና መብት ክርክር ተነስቶ ኮሎራዶ ክፍለ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2023 ለእርሻ መሣሪያ የተለየ ሕግ እስከማውጣት ደርሳለች። እዚያ ገበሬውን የሚያቆመው የተቆለፈ ሶፍትዌር ነው፤ እዚህ የመንገዱ ርቀትና የመለዋወጫው እጥረት። ሁለቱም ጋ የሚጠየቀው ግን ማን፣ የት፣ በስንት ቀን ይጠግነዋል የሚለው ነው።

እዚህ ላይ ብርቱ ተቃውሞ ይነሳል። አሮጌዎቹ ጠንካራ የሚመስሉን የተረፉትን ብቻ ስለምናይ ነው፤ የሞቱት ተፈታተው ብረታቸው ተሸጧል፣ አይታዩም። ተቃውሞው ትክክል ነው፤ ከሱ መማር ያለብንም የሞዴሉ ዝና ፊታችን ለቆመው ትራክተር ምስክር እንደማይሆን ነው። በአሜሪካዋ ኔብራስካ ዊልሞት ክሮዚየር የሚባል ገበሬ፣ የገዛው ትራክተር የተወራለትን ያህል አልሠራ ቢለው፣ የምክር ቤት አባል በሆነ ጊዜ ከባልደረቦቹ ጋር ሕግ አስወጣ። እ.ኤ.አ. የ1919ኙ ሕግ ማንኛውም አዲስ ሞዴል በክፍለ ግዛቱ ከመሸጡ በፊት በኔብራስካ ዩኒቨርሲቲ እንዲፈተን አስገደደ፤ ፈተናው እ.ኤ.አ. ከ1920 ጀምሮ እስከ ዘመናችን ዘልቋል። ያ ፈተና ግን ሞዴሉ አዲስ ሳለ የነበረውን ጉልበት ነው የሚናገረው። ሃምሳ ዓመት ዋልካ ሲገለብጥ የኖረውን የሚፈትንልን ተቋም የለም፤ ፈታኙ ገዢው ራሱ ነው። ይህን የገዢውን ፈተና የሰዓት ቆጣሪው አይተካውም። በብዙ አሮጌ ትራክተሮች ላይ ቆጣሪው ከሞተሩ ጋር አብሮ የሚዞር ሜካኒካል መሣሪያ ነው፦ ሙሉ ሰዓት የሚቆጥረው ሞተሩ በተወሰነ ፍጥነት ሲዞር ብቻ ነው፤ ቀስ ብሎ ሲሠራ ከሰዓቱ በታች ይቆጥራል፤ ሽቦው ከተበጠሰም ለዓመታት አንድ ቁጥር ይዞ ይቀመጣል።

ፈተናው የሚጀምረው ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ነው። ገዢ ሲደርስ ትራክተሩ ሞቆ ከጠበቀው፣ ሻጩ የጠዋቱን አነሳስ እንዳያይ ፈልጎ ሊሆን ይችላልና በሌላ ቀን ማለዳ ይመለስ። ኮፋኖውን በእጁ ዳሶ ያረጋግጥ። ሲነሳ ጥቂት ጭስ መኖሩ አያስደነግጥም፤ ከሞቀ በኋላም ሰማያዊ ጭስ ካልጠፋ ግን ሞተሩ ዘይት እያቃጠለ ነው፤ ነጭ ከሆነ ውኃ ወደ ውስጥ እየገባ ወይም ናፍጣው በደንብ ሳይቃጠል እየወጣ ሊሆን ይችላል። የዘይት መሙያው ክዳን ተከፍቶ ትንፋሹ ገፍቶ የሚወጣ ከሆነ ፋሻና ሲሊንደሩ ተበልተዋል። ዘይቱ ወተት ከመሰለ ውኃ ተቀላቅሎበታል። ይህ ሁሉ ግን ሊጠገን የሚችል ሞተር ነው፤ ዋጋው ይታወቃል፣ ከመሸጫው ላይም ይቀነሳል። ብዙ ገዢ የሚዘነጋው ኋላውን ነው። በአሮጌዎቹ ማሴይ ፈርጉሰኖች የሃይድሮሊኩ ፖምፓ የተቀመጠው ከኋላው ካምቢዮ ውስጥ፣ ከጥርሶቹ ጋር በአንድ ዘይት ነው፤ ዘይቱ ሳይቀየር ከኖረ የጥርሱ ብናኝ ፖምፓውን ይበላዋል። ስለዚህ ከባድ ማረሻ ይገጠምበት፣ ሞተሩ ሞቆ ዘይቱ ከቀጠነ በኋላም ይነሳ፤ ከፍ ዝቅ እያለ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ የሃይድሮሊክ ሥራ ይጠብቀዋል። ፍሪሲዮኑም እንዲሁ በጭነት ይፈተን፦ ሸራው ራሱ ውድ ባይሆንም፣ እሱን ለመቀየር ትራክተሩ ከወገቡ ላይ ለሁለት መከፈል አለበት። የኋላ ጎማዎቹ ያለቁ ከሆነም የአዲስ ጎማ ዋጋ ሳይጠየቅ ዋጋ አይቆረጥ።

አሮጌ ትራክተር ናፍጣ ይበላል የሚለው ስሞታ በተበላ ሞተርና ባረጀ ኖዝል ላይ እውነት ነው፤ በደህናው ላይ ያለው ልዩነት ግን አንድ ሳምንት በሰኔ ከመቆም የሚከብድ አይመስለኝም። እ.ኤ.አ. በ2019 የእርሻ መሣሪያዎች ከቀረጥ ነፃ እንዲገቡ ስለተፈቀደ አዲስ መግዛት ይሻላል ለሚሉም፣ ወኪሉ በቅርብ ከተማ ጋራዥና የመለዋወጫ መጋዘን ካለው እኔም እስማማለሁ፤ መለኪያዬ ያው ነውና።

መልስ የማላገኝለት ተቃውሞ አንድ ነው፤ እሱም የሰው ሕይወት ነው። ብዙዎቹ አሮጌ ትራክተሮች ሲገለበጡ ነጂውን የሚያድነው ብረት የላቸውም። ስዊድን እ.ኤ.አ. በ1959 ለአዲስ ትራክተር ሁሉ ግዴታ ካደረገችው በኋላ በመገልበጥ የሚሞተው ሰው ቁጥር በእጅጉ ቀንሷል። ከኋላ ኃይል የሚያወጣው ዘንግ፣ ፒቲኦው፣ በተለመደው ፍጥነቱ በደቂቃ 540 ጊዜ፣ ማለትም በሰከንድ ዘጠኝ ጊዜ ይዞራል፤ መሸፈኛው ከወለቀ ጋቢ ወይም ነጠላ ከያዘ አይለቅም። ይህን በርካሽነት ማካካስ አይቻልም። መከላከያው ብረት በሞዴሉ ልክ ተሠርቶ፣ የዘንጉም መሸፈኛ ተገጥሞ ካልሆነ ትራክተሩ ርካሽ አይደለም፤ የሁለቱ ወጪ ከመግዣው ጋር ይደመር።

እንግዲህ ለመግዛት ያሰባችሁ፣ ከደላላው በፊት ወደ ሜካኒኩ ሂዱ። በአካባቢያችሁ የትኛውን ሞዴል ፈትቶ እንደሚገጥም፣ ዕቃውን ከየት በስንት ቀን እንደሚያመጣ ጠይቁት፤ የሚያውቀውን ሞዴል ብቻ ፈልጉ። ግዢውን አዝመራው ከተሰበሰበ በኋላ፣ በታኅሣሥ ወይም በጥር አድርጉት፤ ገንዘባችሁንም በሙሉ ለሻጩ አትስጡ፤ እስከ ግንቦት ድረስ ትራክተሩን ለማስፈተሽና ለማስጠገን የሚበቃ አስቀሩ።