ፊዚዮቴራፒስት

ፊዚዮቴራፒስት በሕመም፣ በአደጋ ወይም በእርጅና ምክንያት የተዳከመ ወይም የጠፋ የሰውነት እንቅስቃሴን ለመመለስ የሚሠራ የጤና ባለሙያ ነው። ዋና መሣሪያዎቹ እጁ፣ ተመርጦና ተመጥኖ የሚሰጥ እንቅስቃሴ፣ እንዲሁም ለታማሚውና ለቤተሰቡ የሚሰጠው ትምህርት ናቸው።

ታሪክ

ለሙያው መነሻ ከሚባሉት አንዱ ፔር ሄንሪክ ሊንግ እ.ኤ.አ. በ1813 በስቶክሆልም የመሠረተው የጂምናስቲክ ተቋም ነው። ከዚያ በኋላ የአንደኛው የዓለም ጦርነት ቁስለኞችና የፖሊዮ ወረርሽኝ ሙያውን አስፋፉት። የዓለም ፊዚዮቴራፒ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1951 ተቋቋመ፤ የሙያው ዓለም አቀፍ ቀንም በየዓመቱ ሴፕቴምበር 8፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጳጉሜን 3 ቀን ይውላል።

በኢትዮጵያ ሙያው ከተወሰኑ በሽታዎች ሕክምና ጋር ተያይዞ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ1965 በአዲስ አበባ የተመሠረተው አለርት የሥጋ ደዌ ማዕከል ነበር። በሥጋ ደዌ ነርቩ የተጎዳ እጅ ወይም እግር እንዳይኮማተር፣ ከቀዶ ጥገና በኋላም በአዲስ መልክ መሥራት እንዲለምድ የማለማመዱ ሥራ የፊዚዮቴራፒ ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 በተከፈተው የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታል የሚታከሙ አንዳንድ ሴቶች ደግሞ በረጅም ምጥ የእግራቸው ነርቭ ስለሚጎዳ፣ ከፊስቱላው ጥገና ሌላ እንደገና መራመድን መለማመድ ያስፈልጋቸዋል። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ በፊዚዮቴራፒ የመጀመሪያ ዲግሪ ከሚሰጡ የአገሪቱ ተቋማት አንዱ ነው።

ፊዚዮቴራፒስትና ወጌሻ

ወጌሻ ውልቃትና ስብራት በልማድ የሚያክም ሰው ነው። በእግር ኳስ ሜዳም የተጎዳ ተጫዋች የሚያነሳው ባለሙያ ወጌሻ ይባላል፤ በዚህ የተነሳ ፊዚዮቴራፒስት በብዙዎች ዘንድ «የተማረ ወጌሻ» ተደርጎ ይታያል። ልዩነቱ ግን ከትምህርቱ በላይ ነው። ፊዚዮቴራፒስት ትኩስ ስብራትን አሽቶ አይመልስም፤ አጥንቱ በራጅ እስኪታይና እስኪጸና ይጠብቃል። ስብራት ላይ በጣም ጠብቆ የታሰረ ቀርከሃ ወይም ጨርቅ የደም ዝውውር ያቆማል፤ ሥጋው ይሞትና እጅ ወይም እግር እስከ መቆረጥ ይደርሳል። ከእስሩ በታች ያሉት ጣቶች ከቀዘቀዙ፣ ከደነዘዙ ወይም ከጠቆሩ እስሩን ወዲያው ማላላትና ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል።

የዕለት ሥራ

ባለሙያው ሥራውን የሚጀምረው ከምርመራ ነው። የመገጣጠሚያን መታጠፍ በዲግሪ ይለካል፤ የጡንቻን ጉልበት ከ0 እስከ 5 ይመድባል። 0 ጡንቻው ጨርሶ እንደማይንቀሳቀስ፣ 3 ክብደቱን ተሸክሞ መነሳት እንደሚችል፣ 5 ሙሉ ጉልበት እንዳለው ያሳያል። ቀጥሎ ታማሚው መመለስ የሚፈልገውን ነገር ይጠይቃል። መልሱ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ቡና ማፍላት፣ መስገድ፣ ወይም መቀመጫ በሌለው መጸዳጃ ቤት ቁጢጥ ማለት ሊሆን ይችላል። እነዚህ ሁሉ ጉልበትና ዳሌ ብዙ እንዲታጠፉ ስለሚጠይቁ፣ ለወንበር ኑሮ የተዘጋጀ የልምምድ ዝርዝር አይበቃቸውም።

ለምሳሌ በአዲስ አበባ ልደታ ክፍለ ከተማ፣ ጌጃ ሰፈር የሚኖሩ አንዲት እናት በስትሮክ ግራ ጎናቸው ቢደክም፣ በዚያው ክፍለ ከተማ ወደሚገኘው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ሊላኩ ይችላሉ። ባለሙያው አልጋ ላይ ከመገላበጥ ይጀምራል፤ ከዚያ መቀመጥ፣ መቆም፣ መራመድ ይከተላል። በሆስፒታሉ ለስላሳ ወለል መራመድ ግን ቤት ለመግባት ዋስትና አይደለም። ወደ ቤት የሚያስገባው መንገድ ጠባብና ወጣ ገባ፣ መጸዳጃ ቤቱ የጋራና ራቅ ያለ ከሆነ፣ ልምምዱ ያንን መንገድ ያገናዘበ መሆን አለበት። ሊፍት በሌለው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ለሚኖር ደግሞ ዋናው ትምህርት ደረጃ ነው፤ ሲወጡ ጤነኛው እግር ይቀድማል፣ ሲወርዱ የደከመው።

የቤተሰብ ድርሻ

ታማሚው ከባለሙያው ጋር የሚያሳልፈው በሳምንት ጥቂት ሰዓት ነው፤ የቀረው ጊዜ ከልጅ፣ ከእህት ወይም ከጎረቤት ጋር ያልፋል። ስለዚህ ፊዚዮቴራፒስት ለአስታማሚ የሚሰጠው ትምህርት የሕክምናው ክፍል ነው። በስትሮክ የደከመን ሰው በደከመው እጁ ስቦ ማንሳት ትከሻውን ይጎዳል። መገላበጥ የማይችል ሰው በየ2 ሰዓቱ ጎኑ ካልተቀየረ ሊቆስል ይችላል። ከፍቅር የተነሳ ሁሉን ነገር ለታማሚው ማድረግም ጉዳት አለው፤ ማንኪያውን ራሱ ሊያነሳ የሚችል ሰው ሲጎርስለት ልምምዱን ያጣል።

እግሩ ወደ ውስጥ ተጣሞ ለተወለደ ሕፃንም ነገሩ ተመሳሳይ ነው። በፖንሴቲ ዘዴ እግሩ በየሳምንቱ በሚቀየር ጄሶ ቀስ በቀስ ይቃናል። ሆኖም ልጁ እስከ 4 ወይም 5 ዓመቱ ሌሊት ሌሊት ልዩ ጫማ ካልተደረገለት እግሩ ተመልሶ ሊጣመም ይችላል።

የሙያው ችግሮች

ታማሚ መሸከምና ማንሳት የባለሙያውን የራሱን ወገብ ይጎዳል። ከዚህ ይልቅ ሥራውን የሚያከብደው ግን የታማሚዎች ማቋረጥ ነው። ለውጡ አዝጋሚ፣ የታክሲ ወጪው የየሳምንቱ ሲሆን፣ መሻል የጀመረ ሰው ተሽሎኛል ብሎ፣ ያልተሻለውም ተስፋ ቆርጦ ይቀራል። ከስትሮክ በኋላ ያሉት የመጀመሪያዎቹ ወራት ለውጡ በብዛት የሚታይባቸው ስለሆኑ፣ በዚያን ጊዜ የተቋረጠ ልምምድ በኋላ ለማካካስ ይከብዳል። ብዙ ፊዚዮቴራፒስቶች በመጀመሪያው ቀን ጥቂትና ቀላል የቤት ልምምድ የሚሰጡትም ታማሚው ባይመለስ እንኳ የሚይዘው ነገር እንዲኖረው ነው።