የደጋን እንጨት፦ ከቋራ ቆላ እስከ ደምቢያ ጓዳ

ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ጎንደር የገባው በ1762 ዓ.ም. ነበር። ስለ ምዕራቡ ቆላ ቀስተኞች ከጻፋቸው ነገሮች መካከል አንዱ ልማድ የደጋን ሠሪን ዐይን ይስባል። አዳኙ አውሬ በጣለ ቁጥር ከቆዳው ጠፍር ቆርጦ ደጋኑ ላይ እንደ ቀለበት ያጠልቀዋል። እርጥቡ ቆዳ ሲደርቅ ይኮማተርና እንጨቱን አጥብቆ ይይዛል። ቀለበቱ እየበዛ ሲሄድ ደጋኑ አልለመጥ ይላል፤ ባለቤቱም ለአደን የሚሆን ሌላ ያበጃል።

ደጋን ዋጋ የሚኖረው እስከለመጠ ድረስ ነው። ቀስተኛው ጅማቱን ሲስብ ወደ ዒላማው የዞረው የእንጨቱ ጀርባ ይወጠራል፤ ወደ ራሱ የዞረው ሆዱ ደግሞ ይጨመቃል። ጅማቱ ሲለቀቅ እንጨቱ በውስጡ ያጠራቀመውን ጉልበት ለፍላጻው ይሰጠዋል።

የሠሪው ጥበብ የሚጀምረው እንጨት ከመምረጥ ነው። ቀጥ ብሎ ያደገ፣ ጉጥ ያልበዛበት፣ ያልተጣመመ እንጨት ይፈለጋል። በምሥራቅ አፍሪካ ብዙ ቀስተኞች የሚመርጡት የሌንቋጣ ዘመድ የሆኑ ቁጥቋጦዎችን ነው፤ እንጨታቸው ጠንካራም ለማጣም ነውና። የተቆረጠው እንጨት ጥላ ውስጥ ቀስ ብሎ ይደርቃል። እርጥቡን ቢያጎብጡት እንደጎበጠ ይቀራል፤ ፀሐይ ላይ ቢያሰጡት ይሰነጠቃል።

ሲጠረብ ጀርባው አይነካም፤ ልጡ ብቻ ይገፈፋል። እዚያ ላይ መጥረቢያ ከገባ፣ ደጋኑ ሲወጠር ስንጥቁ ከዚያው ይነሳል። የሚፋቀው ሆዱ ነው። ሠሪው መሃሉን ለመያዣ ወፍራም አድርጎ ይተውና ወደ ሁለቱ ጫፎች እያሳሳ ይሄዳል። ጥቂት ፍቆ ለመጥ ያደርገዋል፣ ራቅ አድርጎ ያየዋል፣ ደግሞ ይፍቃል። አንዱ ክንድ ከሌላው ይበልጥ ከጎበጠ መላጊያው የሚያርፈው ባልጎበጠው ላይ ነው። የተፋቀ እንጨት አይመለስምና ይህ ሥራ ችኮላ አይወድም።

ይህ አሠራር ጥንታዊ ነው። በ1991 እ.ኤ.አ. በአልፕስ ተራሮች በረዶ ውስጥ የተገኘው፣ ከ5,000 ዓመት በፊት የሞተው ሰው 1.82 ሜትር የሚረዝም፣ ተጠርቦ ያላለቀ ደጋን ይዞ ነበር። የመጥረቢያው ምልክት ዛሬም እንጨቱ ላይ ይታያል። በእኛ አገር እንጨቱ በስብሶ ድንጋዩ ቀርቷል። ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ዮናታን ሳህሌና አሊሰን ብሩክስ በ2019 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ በአፋር አዱማ የተገኙና ከ80 እስከ 100 ሺህ ዓመት ዕድሜ ያላቸው ትናንሽ የድንጋይ ጫፎች በመሣሪያ ኃይል ለሚወነጨፉ ፍላጻዎች የተሠሩ ሊሆኑ እንደሚችሉ አሳይተዋል።

በጎንደር ደጋ ግን የጀግንነት መሣሪያ ጦር፣ ጋሻና ጎራዴ ነበር፤ ኋላም ጠመንጃ። ብሩስ ራሱ በቆላው በፈረስ ዝሆን ከበው ቋንጃውን በጎራዴ የሚቆርጡ አዳኞችን አይቷል። ዛሬ ዘመኑ ሌላ ነው፤ ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ ማደን በአዋጅ የተከለከለ ሲሆን፣ ከቋራ ቆላ ከፊሉም የአልጣሽ ብሔራዊ ፓርክ ሆኖ ተከልሏል።

ቢሆንም ደጋን ከደጋው ቤት አልወጣም። በደምቢያዋ ቆላ ድባና በዙሪያዋ፣ እንደ ሌላውም የጎንደር አገር፣ ደጋን የኖረው በፈታዮች እጅ ነው። ጥጡ በመዳመጫ ተዳምጦ ፍሬው ከወጣለት በኋላ ወደ ደጋኑ ይቀርባል። ፈታይዋ ጅማቱን ጥጡ ላይ አስጠግታ እየሳበች ስትለቅ፣ ንዝረቱ የተጣበቀውን ጥጥ ያፍታታዋል። የተነደፈው ጥጥ አመልማሎ ሆኖ ይጠቀለላል፤ ከዚያም በእንዝርት ይፈተልና ለሸማኔ ይደርሳል። ፍላጻ የሚወረውረው ጉልበት እዚህ ጥጥ ይነድፋል።

ከአዳኙና ከፈታይዋ ደጋን ቀጥሎ ሦስተኛው የአዝማሪው ነው። የመሰንቆው መምቻም ጎባጣ እንጨት ነው፤ በጅማት ፋንታ የፈረስ ጭራ ይወጠርበታል፤ ጭራው ገመዱን እንዲይዝ ዕጣን ይቀባል። ዕጣኑን የሚሰጠው ዛፍ የሚበቅለው ደግሞ በዚያው በመተማና በቋራ ቆላ ነው። በጎንደር ዙሪያ የአዝማሪዎች መንደር በመባል የምትታወቀው ቡርቧክስ ይህን ሙያ ከአባት ለልጅ ስታስተላልፍ ኖራለች።

የፋብሪካ ድር ገበያውን በያዘ መጠን የጥጥ መንደፊያው ከየጓዳው እየወጣ ነው። የሚነድፍ ሲጠፋ የሚጠርብም ይጠፋል። የትኛው ዛፍ በየትኛው ወር እንደሚቆረጥ፣ ደጋኑ ስንት ክንድ እንደሚረዝም፣ ጅማቱ እንዴት እንደሚገመድ የሚያውቁት አረጋውያን ናቸው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና የየወረዳው የባህል ጽሕፈት ቤቶች አሁኑኑ ደብተርና ሜትር ይዘው ወደ እነዚህ እናቶችና ጠራቢዎች ቢሄዱ፣ ለጀማሪ ደጋን ሠሪ የሚሆን መመሪያ በአማርኛ ማዘጋጀት ይቻላል።