የፀረ ሰው ፈንጂ ንግድን ያገዱ ሕጎችና የሠፈራ መሬት

ሕዝብ ወደ አዲስ ሥፍራ የሚዛወርበት ጥናት ሲዘጋጅ የዝናቡ መጠን፣ የአፈሩ ለምነትና የመጠጥ ውኃው በቅድሚያ ይመረመራሉ። ጦርነት በተካሄደበት አካባቢ ግን ከእነዚህ ሁሉ የሚቀድም ጥያቄ አለ፤ ይኸውም መሬቱ ከፈንጂ የጸዳ መሆን አለመሆኑ ነው። ዳምቦያን በመሰሉ የከምባታ ወረዳዎች ሕዝቡ ብዙ፣ ማሳው ጠባብ በመሆኑ፣ ለእንሰት መትከያ የሚበቃ መሬት ያጣ ወጣት ከቀዬው ይወጣል። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. በተካሄደው ሠፈራም ከከምባታና ከሀዲያ በርካታ ገበሬዎች ወደ መተከል መወሰዳቸው ይታወሳል። እንዲህ ላለው ገበሬ ፈንጂ የተቀበረበት መሬት እንደሌለ ይቈጠራል።

ከኢጣልያ ወረራ ጀምሮ እስከ 1990ው የኤርትራ ጦርነት ድረስ በኢትዮጵያ ምድር የተቀበረው ፈንጂ በአመዛኙ የውጭ አገር ሥሪት ነው። በመሆኑም ጉዳዩ በመጀመሪያ በሻጮቹ አገሮች ምክር ቤቶች መነሣቱ ተገቢ ነበር። የአሜሪካ ኮንግረስ በሴናተር ፓትሪክ ሊሂና በተወካዩ ሌን ኢቫንስ አነሣሽነት፣ በጥቅምት 1985 ዓ.ም. ፀረ ሰው ፈንጂ ወደ ውጭ እንዳይሸጥ ለአንድ ዓመት አገደ፤ በኋላም እገዳውን አራዘመ። በታኅሣሥ 1986 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ሌሎች አገሮችም ይህንኑ እንዲፈጽሙ ጠየቀ። በ1987 ዓ.ም. ቤልጅየም መሣሪያውን በሕግ ጨርሶ በመከልከል የመጀመሪያዋ አገር ሆነች።

የንግድ እገዳ ብቻውን ጉድለት ነበረበት፤ አንዱ ሻጭ ሲያቆም ሌላው ገበያውን ሊይዘው ይችላልና። የኦታዋው ስምምነት ከሽያጩ ጋር መሥራትን፣ ማከማቸትንና መጠቀምን ጭምር የከለከለው በዚህ ምክንያት ነው። ኢትዮጵያ ስምምነቱን ኅዳር 24 ቀን 1990 ዓ.ም. ፈረመች፤ ያጸደቀችው ግን ታኅሣሥ 8 ቀን 1997 ዓ.ም. ነው። በፊርማውና በማጽደቁ መካከል በሰሜን ድንበር አዲስ ፈንጂ የተቀበረበት ጦርነት አልፏል። አሜሪካ፣ ሩሲያና ቻይና እስካሁን የስምምነቱ አባል አይደሉም፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ከስምምነቱ ለመውጣት ያስታወቁ የአውሮፓ አገሮች አሉ።

የሽያጭ ሕግ የሚገታው ገና ያልተቀበረውን ፈንጂ ነው። የተቀበረውን በተመለከተ ስምምነቱ ለእያንዳንዱ አባል አገር የ10 ዓመት ጊዜ ይሰጣል። የኢትዮጵያ የመጀመሪያ ቀነ ገደብ ግንቦት 24 ቀን 2007 ዓ.ም. ሲሆን፣ ሥራው ባለማለቁ ከዚያ ወዲህ ደጋግሞ ተራዝሟል።

ይህ መዘግየት ይበልጥ የሚጎዳው አዲስ መጤውን ሠፋሪ ነው። ነባሩ ነዋሪ ከብት የሞተበትን መስክና ምሽግ የነበረበትን ኮረብታ ያውቃል፤ ሠፋሪው ግን ማገዶ ለመልቀምና ከብት ለማሰማራት የሚወጣው ይህን ሳያውቅ ነው። ስለዚህ የሠፈራ ቦታ መራጮች ከአፈር ናሙናው አስቀድመው የአካባቢውን ሽማግሌዎችና እረኞች ሊጠይቁ፣ የተጠረጠረውንም መሬት በካርታ ላይ ለይተው ለፈንጂ አምካኞች ሊያስታውቁ ይገባል።