ሰባራው ድልድይ በድሪቶ ላይ



ድሪቶ የመናንያን ልብስ ነው። አሮጌ ጨርቅ በአሮጌ ጨርቅ ላይ ተደርቦ በወፍራም ክር ይሰፋል፤ የተጣለው ቁራጭ ሁሉ ተሰብስቦ ብርድ ይከላከላል። በዘንድሮው የፍልሰታ ሱባኤ ግን በግድግዳ ላይ የሚሰቀል አንድ ድሪቶ በእንግዳ ማረፊያችን ተሰፍቷል። በላዩ የተሣለውም በጎጃምና በበጌምድር መካከል፣ በዐባይ ላይ ያለው ሰባራ ድልድይ ነው።

ይህ ድልድይ በዐፄ ፋሲል ዘመነ መንግሥት (ከ1624 እስከ 1660 ዓ.ም.) በድንጋይና በኖራ ተሠራ። በወረራው ዘመን የኢጣልያ ጦር እንዳይሻገርበት አርበኞች ቅስቱን አፈረሱት። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ ተሻጋሪው ወገቡን በገመድ ታስሮ፣ ከወዲህና ከወዲያ የቆሙ ሰዎች እየሳቡ ክፍተቱን ያሻግሩት ነበር። በ1990ዎቹ ቢጠገንም ጎርፍ መልሶ ወሰደው፤ ቆይቶም ተንጠልጣይ ድልድይ ተሠራ።

ሥራውን የጀመረችው በሪያድ ከተማ፣ መንሱራ በተባለው ሰፈር፣ ስምንት ዓመት በሰው ቤት ያገለገለች እኅታችን ናት። በ2006 ዓ.ም. ከ150 ሺህ በላይ ወገኖቻችን ከሳዑዲ ዐረቢያ ሲመለሱ እርሷም ተመለሰች። ታናሽ እኅቷ ግን በዚያው ቀረች፤ ድምፅዋም ከጠፋ ሰንብቷል። አባታቸው በልጅነታቸው በዚያ ገመድ እየተሻገረ ገበያ ይሄድ ነበር።

ለድንጋዩ ያረጁ የመነኮሳት ቢጫ ቀሚሶች ተቆረጡ፤ ለሰማዩ የነጠላ ቁራጭ፤ ለወንዙም ከመንሱራ ይዛው የመጣችው ጥቁር አባያ ሆነ። «አባያው ዐባይ ሆነ» ብላ አሳቀችን። ቅስት ከሁለቱ ዳር ተጀምሮ የመጨረሻው ድንጋይ በመካከል ሲገባ ይጸናልና፣ እኛም ከሁለቱ ዳር ጀምረን ወደ መካከል ሰፋን።

ክፍተቱ ላይ ስንደርስ የሚሞላውን ቢጫ ጨርቅ ቆርጬ አቀረብሁ። «ልጄ፣ እንግዲህ ይፈጸም» አልኋት።

እርሷም አንገቷን ደፍታ፣ «አባቴ፣ ይፍቱኝ፤ እኅቴ ገና አልተሻገረችም» አለችኝ።

መቀሱን አስቀመጥሁ። በትርጓሜ ወንበር በኖርሁበት ዘመን ሁሉ ንባቡ ጎደለ ባልሁበት ቃል ለመሙላት ስቸኩል ኖሬአለሁ፤ የጎደለውን በጉድለቱ መጠበቅን ከእርሷ መርፌ ተማርሁ።

ክፍተቱ እንዳለ ቀረ። ከወዲህ ወዲያ ግን አንድ የነጭ ፈትል ገመድ ተሰፋበት፤ ጫፉም ሳይቋጠር ተንጠልጥሏል። በባዕድ ሀገር ወገን የቀረባችሁ ተሳላሚዎች ሆይ፣ መርፌው ከድሪቶው አጠገብ ተሰክቷል። በገመዱ ላይ አንድ ስፌት ጨምሩ፤ የወገናችሁንም የክርስትና ስም ለጸሎት ንገሩን። ድልድዩ በተሰበረበት ዘመን ሰውን ያሻገሩት፣ ገመዱን ይዘው ከወዲህም ከወዲያም የቆሙት ነበሩ።